በ187.5 ኪሎኸርዝ ላይ የአንድ ዋት የሙከራ ሬዲዮ አስተላላፊ አሠራር

በአሜሪካ የሬዲዮ ሕግ ውስጥ ማንኛውም ሰው የአማተር (ሬዲዮን ለትርፍ ሳይሆን ለፍላጎት የሚሠሩ ሰዎች) ፈቃድ ሳይኖረው በገዛ እጁ የሠራውን አነስተኛ አስተላላፊ ሊያበራባቸው የሚችሉ ጥቂት ጠባብ ክልሎች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ከ160 እስከ 190 ኪሎኸርዝ ያለው ረጅም ሞገድ፣ ሞካሪዎች «የ1750 ሜትር ባንድ» የሚሉት፣ ብዙ የሚያስተምር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እዚህ የሞገዱ ርዝመት ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይበልጣል፣ የተፈቀደው አንቴና ግን ከ15 ሜትር አያልፍም። ስለዚህ ወደ አስተላላፊው ከሚገባው አንድ ዋት ውስጥ ወደ አየር የሚወጣው ከግማሽ ሚሊዋት ያነሰ ነው። ይህን ያህል ደካማ ምልክት ሩቅ የሚያደርሱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንቴናውን በሚያስተካክለው ኮይል (የሽቦ ጥምጥም) እና በመሬቱ ላይ የሚባክነውን መቀነስ፣ ከዚያም መልእክቱን እጅግ በዝግታ መላክ። የዚህ መመሪያ ደረጃዎች ሁሉ ወደእነዚህ ሁለት ነገሮች ያመራሉ።

ከሥራው በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ደንቦች

የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ ክፍል 15 ለዚህ ክልል ግልጽ ገደቦች አስቀምጧል። ወደ መጨረሻው የሬዲዮ ማጉያ ደረጃ የሚገባው ኃይል ከ1 ዋት መብለጥ የለበትም። የአንቴናው፣ አንቴናውን ከአስተላላፊው የሚያገናኘው መስመርና ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ ርዝመት ተደምሮ ከ15 ሜትር ማለፍ የለበትም። ከ160 በታችና ከ190 ኪሎኸርዝ በላይ የሚወጣው ማንኛውም ትርፍ ጨረር ከዋናው ሞገድ ቢያንስ በ20 ዴሲቤል (በኃይል ሲታይ ወደ መቶኛው) ማነስ አለበት። አስተላላፊው ፈቃድ ያላቸውን አገልግሎቶች ማወክ አይችልም፣ ከእነርሱ የሚመጣበትንም ጣልቃ ገብነት ያለ ቅሬታ ይቀበላል። በቤት የተሠራ መሣሪያ የኮሚሽኑ የቅድሚያ ማረጋገጫ የማያስፈልገው ለሽያጭ ካልቀረበ፣ ተዘጋጅቶ ከሚሸጥ የመገጣጠሚያ ጥቅል ካልተሠራና ቁጥሩ ከአምስት ካልበለጠ ነው።

የአማተር ፈቃድ ያለው ሰው ሌላ መንገድ አለው። ኮሚሽኑ በ2017 የ2200 ሜትርን (ከ135.7 እስከ 137.8 ኪሎኸርዝ) እና የ630 ሜትርን (ከ472 እስከ 479 ኪሎኸርዝ) ባንዶች ለአማተሮች ከፍቷል፤ በእነዚያ የሚለካው የሚሰራጨው ኃይል ስለሆነ ትልቅ አንቴና መትከል ይቻላል። እዚህ የምገልጸው አሠራር ግን ፈቃድ ለሌለውም ሰው የሚሆነውን ነው። ይህ ደንብ የሚሠራው በአሜሪካ ውስጥ ብቻ መሆኑ አይዘንጋ። በኢትዮጵያ የሚኖር አንባቢ ማንኛውንም አስተላላፊ ከማብራቱ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ያዳምጡ

አስተላላፊውን ከመሥራትዎ በፊት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በቦታው ላይ ያዳምጡ። የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ለመስመር መቆጣጠሪያ ከ10 እስከ 490 ኪሎኸርዝ ያሉ ምልክቶችን በከፍተኛ ቮልቴጅ ሽቦዎቻቸው ላይ ይልካሉ። በአቅራቢያዎ እንዲህ ያለ ምልክት በመረጡት ፍሪኩዌንሲ ላይ ካለ ቦታ መቀየር ግድ ይሆናል።

ለማዳመጫ እያንዳንዱ ጎን 1 ሜትር የሆነ የእንጨት መስቀል ላይ 20 ዙር የተጠመጠመ ሽቦ በቂ ነው። ኢንዳክታንሱ ወደ 1 ሚሊሄንሪ ስለሚሆን በ187.5 ኪሎኸርዝ ሬዞናንስ (ኮይልና ካፓሲተር በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚናበቡበት ሁኔታ) ላይ ለማምጣት ወደ 700 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ያስፈልገዋል። ይህንንም ከአሮጌ ሬዲዮ ከተነቀለ ተለዋዋጭ ካፓሲተርና በጎኑ ከሚጨመር አንድ ቋሚ ካፓሲተር ማግኘት ይቻላል። ከዋናው ጥምጥም አጠገብ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ለብቻው ጠምጥመው ወደ መቀበያው ያገናኙት። የዚህ አንቴና ትልቁ ጥቅም በማዞር ብቻ የአንድን አቅጣጫ ጫጫታ ማጥፋት መቻሉ ነው።

መቀበያው በትክክል መሥራቱን ለማወቅ ከኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ በ60 ኪሎኸርዝ የሚተላለፈውን የሰዓት ምልክት ይፈልጉ። ከዚያ በተጨማሪ ከ190 ኪሎኸርዝ ጀምሮ ወደ ላይ የሚገኙትን፣ መለያ ፊደላቸውን በሞርስ (በነጥብና በሰረዝ የሚጻፍ ፊደል) የሚደጋግሙትን የአውሮፕላን አቅጣጫ መጠቆሚያዎች ያዳምጡ። እነዚህ ካልተሰሙ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ነው። መቀበያውን በባትሪ ያስነሱና የቤቱን ዋና ማብሪያ ለአምስት ደቂቃ ያጥፉ፤ ጫጫታው ከጠፋ መብራቱን መልሰው የስልክ ቻርጀሮችን፣ የኤልኢዲ አምፖሎችንና የሶላር ኢንቨርተሮችን አንድ በአንድ እየነቀሉ ጥፋተኛውን ይለዩ። እኔ ለብዙ ሌሊቶች የሰማይ ጫጫታ መስሎኝ የታገልኩት ነገር የአንድ ላፕቶፕ ቻርጀር ሆኖ ተገኝቷል።

ደረጃ 2፦ የሞገዱ ምንጭ

በየሱቁ የሚገኝ የ12 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ለ64 ሲካፈል በትክክል 187.5 ኪሎኸርዝ ይሰጣል። ይህን ሥራ 74ኤችሲ4060 የተባለው አይሲ (ቺፕ) ብቻውን ይሠራዋል፤ ኦሲሌተሩንም (ሞገዱን የሚፈጥረውን ክፍል) ማካፈያውንም በአንድ ላይ ይዟል። ክሪስታሉን በ10ኛውና በ11ኛው እግሩ መካከል ከ1 ሜጋኦም ሬዚስተር ጋር ያገናኙ፣ ከሁለቱም እግሮች ወደ መሬት (የመሣሪያው የጋራ አሉታዊ መስመር) 22 ፒኮፋራድ ያስገቡ፣ አንደኛውን በመስተካከያ ካፓሲተር ይተኩት። ለ64 የተካፈለው ሞገድ በ4ኛው እግር ላይ ይወጣል።

መልእክቱ የሚጻፈው ምልክቱን በማቋረጥ ነው፤ ለዚህ ግን ኦሲሌተሩን ማጥፋትና ማብራት ፍሪኩዌንሲውን ስለሚያናጋ አልመክረውም። በምትኩ ኦሲሌተሩ ሁልጊዜ እንዲሠራ ይተዉትና ሞገዱን 74ኤችሲ08 በተባለው አይሲ አራት የሎጂክ በሮች በኩል ያሳልፉት። የአራቱንም በሮች አንደኛ መግቢያ ከሞገዱ ጋር፣ ሁለተኛውን መግቢያ ከአንድ አነስተኛ ማይክሮኮንትሮለር ጋር ያገናኙ፤ አርዱዊኖ ናኖ ከበቂ በላይ ነው። አራቱን መውጫዎች አንድ ላይ አስረው በ100 ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ ደረጃ 3 ትራንዚስተር ይንዱ። የሙቀት ለውጥ ፍሪኩዌንሲውን እንዳያንሸራትተው ክሪስታሉን ከነአይሲው ወፍራም ስታይሮፎም ውስጥ ያስቀምጡ። በ187.5 ኪሎኸርዝ ላይ የአንድ ሚሊዮንኛ ለውጥ ወደ 0.19 ኸርዝ የሚጠጋ መንሸራተት ነው፤ ለድምፅ ስርጭት ይህ ከቁጥር የማይገባ ነው፣ ወደ ደረጃ 6 ስንደርስ ግን በስክሪኑ ላይ መስመሩ ሲታጠፍ በዓይን ይታያል።

ደረጃ 3፦ የመጨረሻው ማጉያ

ለዚህ ኃይል ቢኤስ170 የተባለው ሞስፌት ትራንዚስተር በቂ ነው። ድሬኑ (ኃይል የሚገባበት እግሩ) በ1 ሚሊሄንሪ ቾክ (የሬዲዮ ሞገድን የሚያግድ ኮይል) በኩል 12 ቮልት ይቀበላል፤ ከድሬኑ ወደ ውጭ 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ማጣሪያ ይከተላል። ማጣሪያው በሁለቱ ጫፎቹ ወደ መሬት 10 ናኖፋራድ ካፓሲተር፣ በመካከሉ 100 ማይክሮሄንሪ ኮይል ያለው ነው። ካፓሲተሮቹ የፊልም ዓይነት መሆን አለባቸው፣ ርካሾቹ የሴራሚክ ዓይነቶች ይሞቃሉ። አንቴናው በድንገት ሲላቀቅ ትራንዚስተሩ እንዳይቃጠል በድሬኑና በመሬቱ መካከል የ47 ቮልት ዜነር ዳዮድ ይጨምሩ።

የኃይሉ መጠን የሚለካው በቮልትና በአምፔር ብዜት ነው፤ 12 ቮልት ላይ 83 ሚሊአምፔር ማለት 1 ዋት ማለት ነው። ሚሊአምፔር መለኪያውን በድሬኑ መስመር ላይ በቋሚነት ይተዉት፣ ደንቡን ማክበርዎን የሚያረጋግጥልዎ እርሱ ነው። በ12 ቮልት አንድ ዋት የሚስብ ትራንዚስተር ወደ 72 ኦም የሚጠጋ ጭነት ይፈልጋል፤ ይህ ቁጥር አንቴናውን ስናስተካክል ተመልሶ ይመጣል።

ደረጃ 4፦ አንቴናውና መሬቱ

አስተላላፊውን ውኃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ አድርገው አንቴናው ሥር ያስቀምጡት፤ የማገናኛ መስመር ስለማይኖር ከ15 ሜትሩ ምንም አይባክንም። 14 ሜትሩን ቀጥ ብሎ ለሚቆመው አንቴና፣ 1 ሜትሩን ወደ መሬት ለሚወርደው ሽቦ ይመድቡ። ከረጅም ዛፍ ቅርንጫፍ በናይለን ገመድ የተንጠለጠለ የመዳብ ሽቦ ይሠራል፣ ነገር ግን ከግንዱና ከቅጠሉ ጥቂት ሜትሮች ቢርቅ ይሻላል፤ እርጥብ ዛፍ ኃይል ይበላል። በአቅራቢያው የኤሌክትሪክ መስመር ካለ አንቴናው ቢወድቅ እንኳ በምንም መንገድ የማይደርስበት ርቀት ላይ መተከል አለበት። በዚህ ነገር ላይ ግምት አይሠራም።

ለመሬቱ አንድ ዘንግ መቅበር ብቻውን አይበቃም። ከአንቴናው ሥር በሁሉም አቅጣጫ የሚሄዱ፣ እያንዳንዳቸው ወደ 10 ሜትር የሚሆኑ ሽቦዎችን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቆፍረው ይቅበሩ። በስምንት መጀመርና ቀስ በቀስ ወደ 16 ማድረስ ይቻላል።

ደረጃ 5፦ ኮይሉ

የሙከራው ውጤት የሚወሰነው እዚህ ስለሆነ በዚህ ደረጃ ላይ ጊዜዎን ይስጡ። የ14 ሜትር ቀጥ ያለ ሽቦ በዚህ ፍሪኩዌንሲ ላይ እንደ 90 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ነው የሚታየው። ይህን ወደ ሬዞናንስ ለማምጣት 8 ሚሊሄንሪ ኮይል ያስፈልጋል፤ የኮይሉም ሪአክታንስ (ለተለዋዋጭ ከረንት የሚያሳየው ተቃውሞ) ወደ 9,400 ኦም ይሆናል። የአንቴናው የጨረር ሬዚስታንስ (ወደ አየር የሚወጣውን ኃይል የሚወክለው) ግን 0.03 ኦም ብቻ ነው። ኮይሉ በጥሩ ሁኔታ ተሠርቶ ጥራቱ (የሪአክታንሱና የብክነቱ ጥምርታ) 300 ቢደርስ እንኳ የራሱ ብክነት 31 ኦም ነው፤ የመሬቱን ብክነት 30 ኦም ብንል በድምሩ 61 ኦም ይሆናል። ትራንዚስተሩ 0.8 ዋት ቢያወጣ በአንቴናው ሥር 0.11 አምፔር ይፈሳል፣ ወደ አየር የሚወጣውም 0.4 ሚሊዋት ነው። የቀረው ሁሉ ኮይሉንና አፈሩን ያሞቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዲያሜትሩ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ባልዲ ወይም ቱቦ ያግኙ፤ ጥቁር ፕላስቲክ ካርቦን ሊኖረው ስለሚችል ነጭ ወይም ቀለም የሌለውን ይምረጡ። የሞተር ሽቦ ጠምጣሚዎች የሚጠቀሙበትን፣ ውፍረቱ 0.9 ሚሊ ሜትር የሆነ ቫርኒሽ የተቀባ የመዳብ ሽቦ 200 ሜትር ይግዙ። በአንድ ዙር 1 ሚሊ ሜትር ቦታ ቢይዝ 270 ዙር፣ ማለትም 27 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጥምጥም 8 ሚሊሄንሪ ይሰጣል። ሆኖም 290 ዙር ጠምጥመው ኋላ ላይ መቀነስ ይሻላል፣ የተቆረጠ ሽቦ አይቀጠልምና። ሽቦው ሳይላላ አንድ ወጥ ውጥረት ይዞ እንዲጠመጠም አንድ ሰው መዘውሩን ይዞ ከኋላ ቢቆም ሥራው በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል።

ለጥቃቅን ማስተካከያ ዲያሜትሩ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሌላ ቱቦ ላይ 25 ዙር ጠምጥመው ከትልቁ ኮይል በተከታታይ ያገናኙትና በትልቁ ውስጥ በእንጨት ዘንግ ላይ እንዲዞር ያድርጉ። ሁለቱ ጥምጥሞች በአንድ አቅጣጫ ሲሆኑ ኢንዳክታንሱ ይጨምራል፣ በተቃራኒ ሲሆኑ ይቀንሳል። ይህን ክፍል በኮይሉ የታችኛው ጫፍ፣ ማለትም በአስተላላፊው በኩል ያድርጉት።

በዚህ ቦታ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። አንድ ዋት ሲባል አደጋ የሌለው ይመስላል፣ ነገር ግን 0.11 አምፔር በ9,400 ኦም ሪአክታንስ ላይ ሲያልፍ ከኮይሉ በላይ ያለው ቮልቴጅ ከ1,000 ያልፋል፣ የሞገዱ ከፍተኛ ነጥብም ወደ 1,500 ቮልት ይደርሳል። የነካው ጣት ይቃጠላል። ኮይሉንና የአንቴናውን የታችኛውን ክፍል ሕፃናትና የቤት እንስሳት በማይደርሱበት አጥር ይከልሉ፣ አስተላላፊውን ሳያጠፉ እጅዎን አያስገቡ። መብረቅ ባለበት ወቅት አንቴናውን ከኮይሉ ነቅለው በቀጥታ ከመሬቱ ዘንግ ጋር ያገናኙት፤ ይህ መደረግ ያለበት ደመናው ከመድረሱ በፊት ነው።

ለማስተካከል በአንቴናው ሥር ያለውን ሽቦ በፌራይት ቀለበት ውስጥ ያሳልፉ፣ በቀለበቱ ላይ 20 ዙር ጠምጥመው ጫፎቹን በ100 ኦም ሬዚስተር ያገናኙ፣ ከዚያም በጀርማኒየም ዳዮድ በኩል ወደ ቮልት መለኪያ ይውሰዱት። ይህ የአንቴናውን ከረንት ያሳያል። አስተላላፊውን ለአጭር ጊዜ እያበሩ፣ እያጠፉም ከኮይሉ በአንድ ጊዜ ሦስት አራት ዙር እየቀነሱ መለኪያው የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ሲቃረቡ የውስጠኛውን ኮይል በረጅም የእንጨት ዘንግ በማዞር ከፍተኛውን ነጥብ ያግኙ። የሬዞናንሱ ስፋት 1.2 ኪሎኸርዝ ያህል ብቻ ስለሆነ ዝናብ፣ በረዶ ወይም በነፋስ የሚወዛወዝ ሽቦ ከቦታው ያስወጣዋል።

ከዚያ በኋላ ብዙዎች የሚዘሉትን፣ እኔ ግን አጥብቄ የምመክረውን ልኬት ያድርጉ። አንቴናው ሬዞናንስ ላይ ሲሆን አስተላላፊው የሚያየው ንጹሕ ሬዚስታንስ ነው። የድሬኑን ከረንት ይመዝግቡ፤ ከዚያ ኮይሉን ከነአንቴናው ነቅለው በምትኩ የካርቦን ሬዚስተሮችን፣ 47፣ 56፣ 68፣ 82፣ 100 ኦም፣ እያፈራረቁ ያስገቡ። ያንኑ ከረንት የሚሰጠው ሬዚስተር የአንቴና ሥርዓትዎ ጠቅላላ ብክነት ነው። ቁጥሩ ከ72 ኦም እጅግ ከራቀ በፌራይት ቀለበት ላይ የተሠራ ትንሽ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ የዙሮቹ ጥምርታ የሁለቱ ሬዚስታንሶች ጥምርታ ካሬ ሥር ነው። ልኬቱን በየጊዜው ይድገሙት። ስምንት የመሬት ሽቦ ጨምረው ብክነቱ ከ61 ወደ 45 ኦም ቢወርድ የሚሰራጨው ኃይል በ1.3 ዴሲቤል ያድጋል። ይህ ቁፋሮ የሚያዋጣ ነው፣ ከዚህ በታች ከምናየው ጋር ሲነጻጸር ግን ትንሽ ነው።

ደረጃ 6፦ በዝግታ መላክ

በደቂቃ 12 ቃል የሚላክ ሞርስ የነጥቡ ርዝመት 0.1 ሰከንድ ስለሆነ መቀበያው ቢያንስ 10 ኸርዝ ስፋት ይፈልጋል። ነጥቡን ወደ 30 ሰከንድ ብናረዝመው የሚያስፈልገው ስፋት አንድ ሠላሳኛ ኸርዝ ብቻ ይሆናል፤ ከጫጫታው ጋር ያለው ልዩነት በ300 እጥፍ፣ ማለትም ወደ 25 ዴሲቤል ይሻሻላል። ይህን ለማግኘት በኃይል ቢሞከር አንዱ ዋት 300 ዋት መሆን ነበረበት። ትዕግሥት እዚህ በዴሲቤል ይለካል።

እንዲህ ያለው ምልክት በጆሮ አይሰማም። የመቀበያው ድምፅ ወደ ኮምፒዩተር ገብቶ አርጎ ወይም ስፔክትረም ላብ በተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች በስክሪን ላይ ይሣላል፣ ነጥቡና ሰረዙም እንደ አጭርና ረጅም መስመር ይነበባሉ። መለያ ፊደልዎን አጭር ያድርጉት። በሞርስ አንድ ነጥብ የሆነው «ኢ» እና አንድ ሰረዝ የሆነው «ቲ» ተከታትለው ቢላኩ ከነክፍተታቸው 14 ነጥብ ይወስዳሉ፤ በ3 ሰከንድ ነጥብ 42 ሰከንድ፣ በ30 ሰከንድ ነጥብ ደግሞ 7 ደቂቃ ማለት ነው። ረጅም ስም የመረጠ ሰው አንዱን ዙር ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል፣ በዚያ መካከል ምልክቱ ይደክማል። የአንድን ሰው የአማተር ጥሪ የሚመስል ነገር አይጠቀሙ።

ማይክሮኮንትሮለሩን በ3 ሰከንድ ነጥብ ያስጀምሩትና ከቤትዎ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀው በመኪና ውስጥ በባትሪ መቀበያ ይፈልጉት። መስመሩ ሲታይ ርቀቱን እጥፍ ያድርጉ፤ ሲጠፋ ወደ 10፣ ከዚያም ወደ 30 ሰከንድ ያሳድጉ። የስክሪኑ ስፋት ጥቂት ኸርዝ ብቻ ስለሚሆን የመቀበያው ፍሪኩዌንሲ በ60 ኪሎኸርዝ ካለው የሰዓት ምልክት ጋር አስቀድሞ መመሳከር አለበት፤ ያለዚያ ምልክቱ ከስክሪኑ ውጭ ሆኖ የሌለ ይመስላል።

ደረጃ 7፦ ወቅትና መዝገብ

የሩቅ ሙከራ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት የአሜሪካ ብርዳማ ወራት ሌሊት ይደረግ። በሞቃታማ ወራታቸው የነጎድጓዱ ጫጫታ በዚህ ባንድ ላይ ደካማ ምልክት አያስተርፍም። ቀን ቀን ምልክቱ መሬትን ተከትሎ ስለሚሄድ የሚደርስበት ርቀት አጭር ግን ቋሚ ነው፤ ሌሊት ከአዮኖስፌር (ሞገድን ከሚመልሰው የላይኛው የአየር ንብርብር) ተመልሶ የሚመጣው ይጨመርበታል፣ ሁለቱ በሚገናኙበት ርቀት ላይ ግን አንዱ ሌላውን ያጠፋል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት አልተሰማም ብሎ መሣሪያውን መፍታት ስህተት ነው።

በመዝገቡ ላይ የድሬኑን ቮልትና ከረንት፣ የአንቴናውን ከረንት፣ በሬዚስተር የተለካውን ጠቅላላ ብክነት፣ የአፈሩን እርጥበት፣ የነጥቡን ርዝመትና የተሰማበትን ቦታ ከነሰዓቱ ያስፍሩ። ሰዓቱ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር (ዩቲሲ) ይጻፍ፣ በሩቅ ያለው አዳማጭ የሚጠቀመው እርሱን ነውና። ከከባድ ዝናብ ወይም በረዶ በኋላ ከማስተላለፍዎ በፊት የአንቴናውን ከረንት ይመልከቱ፤ ከተመዘገበው በሩብ ከቀነሰ የውስጠኛውን ኮይል በማዞር ወደ ቦታው ይመልሱት፣ የድሬኑንም ከረንት ከ83 ሚሊአምፔር አለማለፉን እንደገና ያረጋግጡ።